የተቋረጠ ደመወዝና የእንሰት ጓሮ

ስለ ጉራጌ ሕዝብ በየመሥሪያ ቤቱና በየገበያው ዘወትር የሚነገር አንድ ምስጋና አለ፤ ይኸውም «ጉራጌ ሥራ አይንቅም» የሚለው ነው። ምስጋናው እውነት የሌለበት አይደለም፤ ነገር ግን ጉዳዩን እንደ ተፈጥሮ ጠባይ ብቻ አድርጎ ስለሚያየው የታሪኩን ግማሽ ይሸፍነዋል። አንድ ሰው ደኅና ደመወዝ ይቀበልበት የነበረው ሥራ ሳያስበው ቢዘጋበትና በማግሥቱ ከቀድሞው በሚያንስ ዋጋ ሌላ ሥራ ቢይዝ፣ ይህን ያስቻለው የልብ ጽናት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የልብ ጽናት ግን ራሱ የሚቆምበት መሬት ይፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት ያንን መሬት ነው። ለምርመራውም የመረጥኋቸው ሁለቱን የመንገድ ከተሞች፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጅማ መንገድ ላይ የምትገኘውን ወልቂጤንና፣ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሆሳዕና መንገድ ላይ የምትገኘውን ቡታጅራን፣ ከነዙሪያቸው ነው። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ሰው ከሥራው በድንገት ወጣ ሲባል ነገሩ የሚነካው በአብዛኛው ሹማምንትን ነበር። ሹም ሽር የመንግሥት ልማድ ስለ ነበረ፣ ዛሬ የተሾመ ሰው ነገ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሊሻር ይችል ነበር። የተሻረውም ሹም ከማዕርጉ ዝቅ ያለ ሥራ ፈልጎ አይገባም፤ ወደ ቤተ መንግሥት ሄዶ ደጅ ይጠናል እንጂ። ወራቱ ዓመት፣ ዓመቱም ሁለትና ሦስት እስኪሆን ድረስ ከበሩ ሳይለይ ይቆማል፤ ጌታው ሲወጣና ሲገባ ፊቱን ያሳያል። ይህን ልማድ አንዳንዶች ታማኝነት፣ ሌሎችም ስንፍና ይሉታል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የስንቅ ጉዳይ መስሎ ይታየኛል። ደጅ ጠኚው ያን ያህል ዘመን የሚበላው ከየት ይመጣለታል ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ከርስቱ ተጭኖ የሚመጣለት እህል እንደ ነበረ ይረዳል። ርስት ያለው ሰው የተሻለ ቀን እስኪመጣ መጠበቅ ይችላል።

ዝቅ ወዳለ ሥራ ላለመውረድ ሁለተኛው ምክንያት የእጅ ሥራ መናቁ ነው። ሸማኔውና ብረት ሠሪው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው በሙያቸው ስም ይሰደቡ ስለ ነበር፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ የንቀቱን ጥልቀት ያስረዳል። በዚህ በኩል የጉራጌ አገርም ከሌላው የተለየ አልነበረም። ምሰሶውን ጠርበው የዚያን አገር ውብ ክብ ቤት ያቆሙ የነበሩት እንጨት ሠሪዎች፣ «ፉጋ» በሚል የንቀት ስም እየተጠሩ፣ ከመሬት ባለቤትነትና ከሌላው ሕዝብ ጋር ከመጋባት ተለይተው ኖረዋል። እንግዲህ «ሥራ አይንቅም» የተባለው ሕዝብ በገዛ መንደሩ የሚንቀው ሥራ ነበረው ማለት ነው። ያው ሰው ግን አዲስ አበባ ሲደርስ ሸክም ይሸከማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ጫማ ይጠርጋል። ይህን ልዩነት ያመጣው ጠባይ ነው ለማለት የሚያስቸግረውም ስለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት ሊኖር ይገባል።

ምክንያቱን ለማግኘት ከቤቱ ጓሮ መጀመር ያሻል። እንሰት በመልኩ ሙዝን የሚመስል፣ ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ የሚበላ ተክል ነው። ችግኙ ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ ብዙ ጊዜ እየተዛወረ ይተከላል፤ ለመፋቅ የሚደርሰውም እንደ ቦታው ደጋነትና ቆላነት ቢለያይም በአብዛኛው ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በደኅና ጓሮ ውስጥ የአንድ ዓመት፣ የሁለት ዓመት፣ የአራት ዓመት ተክል በየተራው ተሰልፎ ስለሚታይ፣ ጓሮውን የሚያይ ሰው የቤተሰቡን የመጪ ዓመታት ቀለብ ቆሞ ያያል። ተፍቆ የሚገኘው ቆጮ በቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀበር ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። ቡላውና አሚቾው ሌላ ነው፤ ከግንዱ የሚወጣው ቃጫም ለገመድና ለገበያ ይሆናል። ዝናም አንድ ዓመት ቢቀር ጤፍና ገብስ የሚዘራው ገበሬ ያን ዓመት ይራባል፤ እንሰት ያለው ግን ያልደረሰውንም ቢሆን ፍቆ ይሰነብታል። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዊልያም ሻክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ስለ ጉራጌ ያሳተመውን መጽሐፍ «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ መሰየሙ ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን አንባቢው ሁለት ነገሮችን እንዲያስተውል እለምናለሁ። አንደኛው፣ የእንሰት ሥራ በወንድና በሴት መካከል የተከፈለ መሆኑ ነው። ቆፍሮና አዛውሮ መትከል የወንድ ሥራ ሲሆን፣ መፋቁ፣ መጭመቁ፣ መቅበሩና ማብሰሉ የሴት ነው። የወንዱ ሥራ በዓመት ውስጥ የተወሰኑ ወራት ብቻ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ከቤቱ ቢርቅ ቤቱ አይዘጋም። ሁለተኛው፣ እንሰት ያጠግባል እንጂ ገንዘብ በብዛት አያመጣም። ቤተሰቡ ከረኃብ የተጠበቀ ነው፤ ጨው፣ ልብስና ግብር ግን በገንዘብ ይጠየቃሉ። ስለዚህ የጉራጌ ገበሬ ከቤቱ የሚወጣው የዕለት እንጀራ ፍለጋ ብቻ ሳይሆን ብር ፍለጋም ነበር። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ የተከታዩ ታሪክ ቍልፍ ግን እርሱ ነው።

የብር ፍለጋው የተጀመረበት ዘመን ይታወቃል። የክስታኔ ጉራጌ ቀደም ብሎ ለሸዋ ሲገብር፣ በምዕራቡ በኩል የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ ለብዙ ዓመታት ተዋግቷል፤ ተቃውሞው በራስ ጎበና ዳጬ ዘመቻ የተሰበረው በ1881 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ግብር መጣ፤ ግብሩን ለመክፈል ብር አስፈለገ። ብሩ የሚገኝበት ስፍራ ደግሞ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ገና ቤት በመሥራት ላይ የነበረችው አዲስ አበባ ሆነች። ድንጋይ የሚፈልጥ፣ ጭቃ የሚያቦካ፣ እንጨትና ውኃ የሚሸከም ሰው ትፈልግ ነበር። በ1909 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ ሲደርስ የለገሃር ዕቃ ማውረድና መጫን ተጨመረበት። እነዚህ ሰዎች በከተማው ለዘለቄታ አልሰፈሩም፤ ሠርተው ያገኙትን ይዘው ለመስቀል፣ እስላሞቹም ለዐረፋ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። የመስቀል መመለሻው ልማድ ዛሬም እንዳለ ስለ ሆነ በበዓሉ ዋዜማ የአውቶቡስ ጣቢያውን ያየ ሰው ምስክር አያሻውም።

እዚህ ላይ ካለፈው ሹም ጋር ማነጻጸር ይገባል። የተሻረው ሹም ርስቱ እህል ስለሚልክለት ከክብሩ ሳይወርድ መጠበቅ ቻለ። የጉራጌው ሠራተኛ ደግሞ ጓሮው ቤተሰቡን ስለሚቀልብለት ወደ ዝቅተኛው ሥራ መውረድ ቻለ። ሁለቱም ከኋላቸው ዋስትና ነበራቸው፤ ሁለቱም ባያስፈልጋቸው ኖሮ የሠሩትን አይሠሩም ነበር። ልዩነቱ፣ አንዱ ንጉሥ የሚሰጠው ማዕርግ ያስፈልገው ነበር፤ ሌላው የሚያስፈልገው ብር ብቻ ነበር። ብር ደግሞ ከሸክምም ይገኛል፤ ሸክሙም የሚሸከመው ከመንደሩ ርቆ፣ ማንነቱን በማያውቅ ሕዝብ መካከል ነው። በመንደሩ የሚንቀውን ሥራ በከተማ ያልናቀበት ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ዘመን ስለ ደመወዝ መቋረጥ ሲነሣ ብዙ የሚያስተምረው ነው። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ጠላት አገሩን ለመያዝ ከሁሉ አስቀድሞ መንገድ ስላስፈለገው በየአቅጣጫው መንገድ ማውጣት ጀመረ፤ ከአዲስ አበባ በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ፣ የጊቤን ወንዝ ተሻግሮ ጅማ የሚገባው መንገድ ከነዚህ አንዱ ነው። ወልቂጤ የመኪና ከተማ ለመሆን የበቃችው ይህ መንገድ ስለ ነካት ነው። ለመንገዱ፣ ለድልድዩ፣ ለሕንጻውና ለጋራዡ ብዙ የእጅ ሠራተኛ ተፈለገ። ለአገሩ ሰው የሚከፈለው ለኢጣልያዊው ሠራተኛ ከሚከፈለው እጅግ ያነሰ ነበር፤ ሕጉም አንዱን ከሌላው በዘር ይለይ ነበር። እንደዚህም ሆኖ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚቈጠር የተወሰነ ደመወዝ ለብዙ ሰው አዲስ ነገር ነበር። ጠላት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ከጠላት ኪስ ደመወዝ ሲቀበል ምን ያስብ እንደ ነበር መገመት አስቸጋሪ ነው። በጫካ ለነፃነት ሲታገሉ የነበሩትን አርበኞች ስናከብር፣ በዚያው ዘመን መንገድ ዳር ድንጋይ ይፈልጥ የነበረውንም ሰው ከታሪክ ልናስወጣው አንችልም።

ያ ደመወዝ አምስት ዓመት ብቻ ቆየ። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ነገሩ ሁሉ በጥቂት ወራት ውስጥ ተገለበጠ። የኢጣልያ ኩባንያዎች ተዘጉ፤ ኢጣልያውያኑም በአብዛኛው በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት ከአገር ወጡ። ከፋብሪካዎቹና ከመኪናዎቹም ብዙውን እንግሊዞች ወደ ውጭ አጋዙት። ሠራተኛው ያጠራቀመው ሊሬ ዋጋው ወደቀ፤ በገበያው ላይ የማርያ ቴሬዛው ብር፣ ሊሬውና የምሥራቅ አፍሪካው ሽልንግ እየተደባለቁ ይሠሩ ነበር፤ በ1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብር እስኪወጣ ድረስም የገንዘብ ነገር አልረጋም። ለአገሪቱ የደስታ ዓመት የሆነው ዓመት፣ በደመወዝ ለሚኖረው ሰው ሥራ ያጣበት ዓመት መሆኑን የታሪክ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ አይነግሩንም። ነፃነቱን በሙሉ ልቡ የሚደሰትበት ሰው በዚያው ቀን ለነገ የሚከፍለው የቤት ኪራይ ቢያሳስበው አያስነውረውም።

እነዚያ ሠራተኞች ምን አደረጉ? ከፊሎቹ ወደ ጓሯቸው ተመለሱ። በከተማ የቀሩት ግን ከቀድሞው ደመወዝ በሚያንስ ገቢ በጥቃቅን ሥራ ላይ ተሰማሩ። ጫማ ጠራጊው በኢጣልያንኛ ቃል «ሊስትሮ» ተባለ፤ ባለ ሥራው አገሩን ለቆ ሲሄድ ስሙ ከነሥራው እዚህ ቀረ። ሌላው ክብሪት፣ መርፌና ክር በሣጥን አንግቶ «ሱቅ በደረቴ» ሆነ። ሌላው ባዶ ጠርሙስና አሮጌ ቆርቆሮ እየገዛ በየሰፈሩ «ቆራሌው» እያለ ዞረ። ጠላት የአገሬውን ሕዝብ ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወስዶ መርካቶ ብሎት ነበር፤ ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በዚያ ገበያ ቀድሞ በዐረብ ነጋዴዎች እጅ የነበረው ችርቻሮ ቀስ በቀስ በጉራጌ ነጋዴዎች እጅ ገባ። ዛሬ ስለ መርካቶ የሚነገረው የመበልጸግ ታሪክ የሚጀምረው ከላይ ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያውን ከዚያ ደመወዝ መቋረጥ ላይ ማየት እወዳለሁ።

የዝቅተኛው ሥራ ሒሳብ እንደሚከተለው ነው። የቀን ገቢው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሰውየው ከዚያ ጥቂት ላይ የሚያወጣው ከገቢው ያነሰ ነው። ከአገሩ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ስድስትና ሰባት ሆኖ ይተኛል፤ ሚስቱና ልጆቹ በአገር ቤት ቆጮ ስለሚበሉ የቀለብ ወጪው የራሱ ብቻ ነው። ከቀረው ላይ እቁብ ይጥላል። እቁብ ምን እንደ ሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያሻም፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ጠባይ አለው። ከእቁብተኞቹ አንዱ ሥራው ቢቋረጥበት ወይም ዕቃው ቢቃጠልበት፣ ሌሎቹ ዕጣውን አስቀድመው ሊለቁለት ይችላሉ። በዚህ ጊዜ እቁቡ ባንክ ከማያበድረው ሰው ጋር የሚቆም አበዳሪ ይሆናል፤ ወለድም የለበትም። ዋሱ ደግሞ የሰውየው አባት ቤት ነው፤ ማን እንደ ሆነ፣ ጓሮው የት እንደ ሆነ እቁብተኛው ሁሉ ያውቃል። በብዙ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች የብድርና ቍጠባ ማኅበር ሲቋቋም ደንቡን የሚጽፉት ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ከዚያ ጥቂት ገቢ ላይ ምን ያህል ሊወጣ እንደሚችል የሚያሳየን ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ የቡታጅራ መንገድ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የክስታኔ፣ የመስቃን፣ የስልጤና የሌሎችም አገር ልጆች ከዓለም ገና በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወላይታ ሶዶ የሚገባውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቋሙ። በምዕራቡም በኩል የሰባት ቤት ጉራጌ ተወላጆች ከወልቂጤ በእምድብር ወደ ውስጥ ለሚገባው መንገድ እንዲሁ ተባበሩ። በማኅበሩ ውስጥ ጄኔራሎችና የመንግሥት ሹማምንት ነበሩ፤ ታላላቅ ነጋዴዎችም ነበሩ። ይሁን እንጂ የመዋጮው ደብተር የነዚህ ብቻ አልነበረም፤ ጫማ ጠራጊውም፣ ተሸካሚውም፣ ባለ ጉሊቱም ከፍሏል። ኢትዮጵያዊው ምሁር ፈቃዱ ገዳሙ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ስለዚሁ የዓለም ገና ወላሞ መንገድ ማኅበር ነበር። (ከነገሩ ትንሽ ልውጣና፣ በሰባት ቤት ጉራጌ በየመንደሩ መካከል «ጀፎር» የሚባል ሰፊ የሣር ጎዳና አለ፤ ማንም ወደ ግቢው ገፍቶ አያርሰውም፤ በዓሉም፣ ለቅሶውም፣ የከብቱም መዋያ እርሱ ነው። የጋራ መንገድን ማክበር ከልጅነቱ የለመደ ሰው ለመኪና መንገድ ገንዘብ ማዋጣት ባያስደንቀው አይገርመኝም።) መንገዱ በወጣ ጊዜ ቡታጅራ የዙሪያዋን እህልና የማረቆን በርበሬ ወደ አዲስ አበባ የምትልክ ከተማ ሆነች።

በዚሁ ዘመን መንግሥት ስለ ሠራተኛ መብት ሕግ ማውጣት ጀምሮ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 210 የወጣው በ1956 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ለፋብሪካና ለታላላቅ ድርጅቶች ሠራተኛ የጠቀመውን ያህል ለሱቅ ተላላኪና ለቤት ሠራተኛ አልጠቀመም፤ ስለዚህ ብዙ አልዘገይበትም።

ሁለተኛው ታላቅ መቋረጥ የመጣው በአብዮቱ ዘመን ነው። በ1967 ዓ.ም. ጥር 26 ቀን ሰባ ሁለት ታላላቅ ኩባንያዎች፣ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ። በተከታዩም ዓመት የወጣው የንግድ አዋጅ የነጋዴውን ካፒታል ወሰነ፤ አንድ ሰው ከአንድ የንግድ ፈቃድ በላይ እንዳይዝም ከለከለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሱቅ በደረቴነት ተነሥቶ ቤት ሠርቶ ያከራየ ሰው ኪራዩን በአንድ ቀን አጣ። የመሬት አዋጁን ያመሰገነው ብዙ ነው፤ ጭሰኛው ከባለ መሬቱ ነፃ መውጣቱም ጽድቅ ነበር። በከተማ ላይ የደረሰው ግን በድሀና በሀብታም መካከል ብቻ አልለየም፤ ለእርጅናው ብሎ ሁለት ክፍል ቤት የሠራውንም ጨምሮ መታው። ብዙዎቹ ወደ ትንሿ ሱቃቸው ተመልሰው በጠዋቱ ሒሳብ እንደገና ጀመሩ። ጓሯቸውን ግን አዋጁ አልነካውም፤ የእንሰት ተክል የሚያርሰው ቤተሰብ ይዞታ ሆኖ ቀጠለ። ለዚህም ነው በዚያ ዘመን ያዘነ ነጋዴ ብዙ ሲገኝ፣ የተራበ ነጋዴ እምብዛም ያልተሰማው።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ወር የደርግ መንግሥት ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት ሌላ ዓይነት ታሪክ አለው። 455 ሺህ ያህል ወታደር ያለ ደመወዝ ቀረ፤ በሰኔም ወር የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተመሠረተ። ወደ ገጠር የሚመለሰው የጊዜው ቀለብ፣ የእርሻ መሣሪያና መሬት እንዲያገኝ ተደረገ። ጓሮ ያለው ወደ ጓሮው ገባ። ከልጅነቱ በካምፕ ያደገው፣ ቤተሰቡን በከተማ ይዞ በወር ደመወዝ የኖረው የበታች ሹም ግን የሚገባበት አልነበረውም። እርሱም ዝቅ ያለውን ሥራ ያዘ፤ ዘበኛ ሆነ፣ ተሸካሚ ሆነ፣ በየመንገዱም ለማኝ የሆነ ታይቷል። ሥራ ባለመናቅ ከቀድሞው ሱቅ በደረቴ አላነሰም። ያነሰው በኋላው የቆመ ነገር ባለመኖሩ ነው። አንዱን «ታታሪ»፣ ሌላውን «የወደቀ» ብለን የጠራነው በሥራቸው ለይተን ሳይሆን በጓሯቸው ለይተን ነበር፤ ይህንንም ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው። በተከታዮቹ ዓመታት የመንግሥት ድርጅቶች ወደ ግል ሲዛወሩና፣ በ1985 ዓ.ም. መስከረም ወር የአንድ የአሜሪካ ዶላር ምንዛሪ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲያሻቅብ፣ ደመወዙን ያጣውም ያላጣውም የደመወዝተኛ ቤተሰብ ከዚያው ችግር ላይ ደረሰ።

ዝቅ ያለ ደመወዝ መቀበል ጊዜያዊ ነገር ነው፣ ሰው ሲሠራ ይነሣል የሚል እምነት በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። በሀብታም አገር የተደረገ ምርመራ ይህን አይደግፍም። ሦስት የአሜሪካ የኤኮኖሚ ሊቃውንት በፔንሲልቫኒያ ግዛት ለብዙ ዓመታት አገልግለው ሥራቸውን ስላጡ ሠራተኞች አጥንተው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ እነዚህ ሰዎች ሌላ ሥራ ከያዙ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ገቢያቸው ሥራቸውን ባያጡ ኖሮ ሊያገኙት ከሚችሉት በ25 በመቶ ያህል ያነሰ መሆኑን አስረድተዋል። ሰውየው የሚያጣው ወንበሩን ብቻ አይደለም፤ በዚያ መሥሪያ ቤት ብቻ የሚጠቅመው ልምዱም ከወንበሩ ጋር ይቀራል። ይህ ለእኛም አገር የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

የጓሮው ዋስትና ግን ራሱ ዋጋ የተከፈለበት ነው፤ ከፋይዋም ብዙ ጊዜ ስሟ አይነሣም። ባሏ በከተማ ሥራ ሲለዋውጥ፣ ደመወዙ ሲቋረጥና ሲቀጥል፣ በአገር ቤት ግንዱን ደግፋ የምትፍቀው፣ ቆጮውን የምትጨምቀውና የምትቀብረው፣ ልጆቹንም የምታሳድገው ሴቲቱ ናት። ለመስቀል የሚመጣው ባል ሙክቱንና ቅቤውን ይዞ ሲገባ መንደሩ ሁሉ ያየዋል። ዓመቱን ሙሉ እርሱ ርካሹን ሥራ እንዲቀበል ያስቻለው የእርሷ ያልተከፈለ ሥራ መሆኑን ግን የሚቈጥርላት የለም። «ጉራጌ ሥራ አይንቅም» በሚለው ምስጋና ውስጥ ድርሻዋ ሰፊው ይመስለኛል።

ያም ጓሮ እየጠበበ ነው። አገሩ ሕዝብ የበዛበት ስለ ሆነ ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ ቍጥር ድርሻው ያንሳል። በከፊሉ እንሰቱ ተነቅሎ ጫትና ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል፤ እነዚህ ገንዘብ ያመጣሉ እንጂ በጉድጓድ ተቀብረው አይበሉም። የእንሰት አጠውልግ የሚባለውም በሽታ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 በሳይንስ ጽሑፍ ከተገለጸ ወዲህ መድኃኒት አልተገኘለትም፤ የታመመውን ነቅሎ ከመቅበርና ቢላዋውን በእሳት ከማንጻት በቀር ሌላ መከላከያ የለም። ዛሬ በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2004 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው፣ ተምሮ ተቀጥሮ ድንገት የተሰናበተ ወጣት የአባቱን ያህል ጓሮ የለውም። ከዲግሪው በታች የሆነ ሥራ ቢቀበል ቤት ኪራዩንም፣ ቀለቡንም፣ የእናቱንም መጦሪያ የሚያወጣው ከዚያችው ደመወዝ ነው። አባቱ በጥቂት ገቢ ያጠራቅም ነበር፤ እርሱ በጥቂት ገቢ ይበደራል። ሥራ ናቀ ብለን ከመውቀሳችን በፊት ሒሳቡን ማየት ይገባናል።

በጓሮው ፈንታ የተተካው ሕግ ነው፤ እርሱም ቀላል ነገር አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት የሚሰናበት ሰው ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቱ የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያኑ ሢሶ፣ በዚህም ላይ የ60 ቀን ደመወዝ እንዲከፈለው ያዝዛል። አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው ቢሰናበት 130 ቀን የሚያህል ደመወዝ ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ከአራት ወር ጥቂት ይበልጣል። በአምስት ዓመት የሚደርሰው እንሰት ቤተሰቡን ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ያቆይ ነበር፤ ቢሆንም 130 ቀን ሰው ሥራ መርጦ ለመያዝ የሚያስችለው ጊዜ ነው፤ ገንዘቡ በጊዜው እጁ ከገባ። ሕጉ ለዚህም ሰባት የሥራ ቀን ወስኗል። የአገልግሎት የምስክር ወረቀትም ሲጠይቅ ሊሰጠው ይገባል። ፋይሉ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዘዋወር፣ ፊርማው ሲጓተት፣ ሰባቱ ቀን ሁለት ወር ሲሆን የሚታይበት መሥሪያ ቤት ግን ጥቂት አይደለም። ያ ሰው በዚህ መካከል ያገኘውን ሥራ በተባለው ዋጋ ይይዛል፤ ምስክር ወረቀቱ በእጁ ስለሌለ የአምስት ዓመት ልምዱ አይቈጠርለትምና በጀማሪ ደመወዝ ይመዘገባል። ወረቀቱ ከሁለት ወር በኋላ ሲደርሰው አዲሱ አሠሪ ውሉን ከፈረመ ስለ ቆየ ደመወዙን የሚለውጥለት የለም።